ከገጽ ዘጠና አራት ወዲያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከቤት

ለልጄ፣

«አባዬ መጽሐፍህን ገጽ ዘጠና አራት ላይ ተውኩት ስለደከመኝ ነው አትቀየመኝ አጻጻፉ ግን ጥሩ ነው»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፤ ነጥብ የሚባል ነገር ስላልነበረውም ነጥብ አላስገባሁበትም። የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ እሑድ ጠዋት፣ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ስልኩ ላይ ስምሽን ሳይ ካውያውን አስቀምጬ ሮጥኩ። ያስቀመጥኩት ሸሚዙ ላይ ነው። ያ ነጩ ሸሚዝ፣ እናትሽ ኮሌታው ሲያልቅ ገልብጣ የሰፋችልኝ፣ አሁን ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ አለበት። ይህን በአንቺ ላይ አልቆጥርም። የምቆጥርብሽ ሌላ ነው።

መጀመሪያ «አትቀየመኝ» ያልሽውን እንጨርስ። አልተቀየምኩም። ሰው የሚቀየመው ባዳን ነው። በገዛ ልጁ ግን ይናደዳል፣ ይጮኻል፣ በር ወርውሮ ይዘጋል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። እኔ ተናድጃለሁ፤ ምሳዬንም በልቻለሁ።

ቀጥሎ «አጻጻፉ ግን ጥሩ ነው» የሚለው አለ። ይህ አስተማሪ ለሰነፍ ተማሪ «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» እንደሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ የተማርኩት፣ ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ዐረፍተ ነገር ሳቃና የኖርኩት ከልጄ አፍ ይህን ለመስማት ከሆነ፣ እንኳንም ጸጉሬ ቀድሞ አለቀ።

«ስለደከመኝ ነው» ብለሻል። አንቺ የድልድይ መሐንዲስ ነሽ። ወንዙ መሐል ደርሰሽ «ከዚህ ወዲያ ደክሞኛል፣ ብረቱ ግን ጥሩ ነው» ብለሽ ለአለቆችሽ ነግረሽ ታውቂያለሽ? መኪናውስ ምን ይሁን? እዚያው ቆሞ ውኃውን ይይ?

እኔም ደክሞኛል። ደክሞኝ ነው የጻፍኩት፣ ደክሞኝ ነው ያረምኩት፣ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከሥራ መጥቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። ድካም ምክንያት ቢሆን ኖሮ በዚህ ቤት ማንም ምንም አይጨርስም ነበር።

አሁን ምን እንደተውሽ ላስታውስሽ። አብዛኛውን የምታውቂው ነው፤ ክስ ግን ያለ ጭብጥ አይቆምም።

እናትሽ መጽሐፍ አትጨርስም ነበር። የመንገዱን ዳር በሚያሳየው መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋ ነበረች፤ ከመኪናዋ በስተግራ መጽሐፍ፣ በስተቀኝ መቀስ። አንድ እጅጌ ትሰፋና ሁለት ገጽ ታነባለች፤ አንድ ኪስ ትለጥፍና ሦስት ገጽ። መጽሐፉ ሲሰለቻት እጇ ላይ ካለው ክር አንድ ስንዝር ቆርጣ ገጹ መሐል ታስገባለች፤ ዘግታም መደርደሪያው ላይ ታወጣዋለች። እያፏጨች። ከዚያ በኋላ አትነካውም። እኔ ደግሞ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ እንጀራዬ የሰውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ ማንበብ ነው። የግብር ሕግ አንብቤ ጨርሻለሁ። ስለ ዶሮ በሽታዎች አንብቤ ጨርሻለሁ። የስልክ ማውጫ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ያውም አንድ የጥርስ ሐኪም ሁለት ቦታ መግባቱን አግኝቼ። ከእንዲህ ዓይነት ሴት ጋር እንዴት አድርጌ እንደኖርኩ አንቺ ምስክር ነሽ።

«ይኼን ጨርሰሽዋል?» እላታለሁ።

«ጨርሼዋለሁ።»

«ክሩ እኮ መሐሉ ላይ ነው።»

«እኔማ ጨርሻለሁ፤ እሱ ካልጨረሰ ምን ላድርገው?»

ስቀሽ ከወንበር የወደቅሽበት ቀን ይሄ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆንሽ ነው። እኔ አልሳቅሁም ነበር። «ጅምር ነገር ቤት ያፈርሳል» ብዬ ስጀምር «ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ስታፈርሰው ሰማሁ፤ እስካሁን ቆሟል» አለችኝ። ደግሞም የራሷ ፍልስፍና ነበራት። «መጽሐፍ እንግዳ ነው። ሲገባ እቀበለዋለሁ፣ ሲያወራ እሰማዋለሁ፣ ማዛጋት ስጀምር እሸኘዋለሁ። አንተ ግን በሩን ቆልፈህ፣ ሰውዬው ወሬው አልቆበት እንኳ፣ ‹ጨርስ እንጂ!› ትለዋለህ።»

ከሞተች በኋላ መደርደሪያውን ማጽዳት ነበረብኝ። ማጽዳት ብዬ ገባሁና መጻሕፍቱን አንድ ባንድ ሳወርድ ክሮቹን አየሁ። ሁሉም መጽሐፍ ውስጥ ክር አለ፤ የሁሉም ቀለም የተለያየ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ክሩ ያን ሳምንት ትሰፋው ከነበረው ልብስ የተቆረጠ ነው። ውኃ ሰማያዊው የተማሪ ልብስ ሰሞን ነው። የወተት ቀለሙ የአክስትሽ የሙሽራ ልብስ ነው፤ እሱን የመሰለ ክር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቤታችን አልገባም። ቅጠልያው ያንቺ ካፖርት ነው፤ ክንዱ ረዝሞብሽ «ለማን ነው የሰፋሽው?» ብለሽ ያለቀስሽበት። ጥቁሩ ለአባቴ ሐዘን ልብስ ስትሰፋልኝ ነው። ሰው ማስታወሻ ይጽፋል፤ እሷ ሳታውቀው እየተወች ስትሄድ ዕድሜያችንን መደርደሪያ ላይ ሰፍታዋለች።

እኔም ሥራዬ ነውና መጻሕፍቱን ክሩ ካለበት ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው። አንዱንም ሳልዘል። ተበሳጭቼ ነው የጀመርኩት፤ ምን እንዳመለጣት ላሳያት ነበር። ለማን እንደማሳይ እንጃ። ያ ስለ መርከበኞቹ ወፍራም መጽሐፍ፣ መርከቡ ከወደብ ሲለቅ የተወችው፣ ትዝ ይልሻል? «መሄዳቸውን ካወቅሁ ይበቃኛል፤ ባሕር ላይ ቢንገላቱ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ያለችው? ከዚያ ወዲያ መርከቡ ነፋስ አጥቶ ቆመ። መጽሐፉም ከመርከቡ ጋር ቆመ። ዓሣ ቆጠሩ። የግድያው መጽሐፍ ውስጥ ገዳዩ ሐኪሙ ነው፤ እናትሽ ደግሞ ሐኪሙን ትወደው ስለነበር የመጨረሻው ምዕራፍ በር ላይ ክሯን አስገብታ አዳነችው። ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያወራውን፣ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው የሚለው ጋ ትታዋለች። ጠይቄያት ነበር። «ልጅቷ መጽሐፉን ቀደመችው» አለችኝ። ስለ ደስተኛ ትዳር የሚመክረውን መቅድሙ ላይ ትታ ለእኔ ሰጥታኛለች፤ «የቀረውን አንተ ጨርሰው፣ አንተን ነው የሚመለከት» ብላ። ጨረስኩት። እውነቷን ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ተሳስታ የተወችው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የቱ እንደሆነ ዘጠና አራት ሳትደርሺ አንብበሽዋል። ሌሎቹን በትክክለኛው ቦታ ነው የተወቻቸው። ይህን ማመን ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል አይደለም።

መጽሐፌ እንግዲህ ይህ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ እናትሽ የተወችው አንድ መጽሐፍ፣ የት ላይ እንደተወችው፣ በምን ቀለም ክር፣ ያን ሰሞን ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር። ሥራ አስኪያጃችን «ወንፊት ራሱ ጻፈ? እስቲ አምጡት!» ብሎ በነጻ ላትምልህ አለኝ። ወንፊት የሚሉኝ ስህተት ስለማያልፈኝ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ሳያስቡት ሙገሳ ሆኖባቸዋል። ከጠራዡ እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም «የወንፊትን ስህተት ያገኘ» ብለው ተወራረዱ። የመጀመሪያው የእርማት ቅጂ ሲወጣ በምሳ ሰዓት ተሰብስበው አንገታቸውን ደፍተው ሲያዩ ፈተና ላይ ያሉ ተማሪዎች ይመስሉ ነበር። ግማሹን ሳያልፉ የምሳ ሰዓቱ አለቀ፤ ምንም አላገኙም። የማሽኑ ሠራተኛ «ይኼ ሰውዬ ሰው አይደለም» ብሎ ሄደ።

ሦስት ቅጂ አስጠረዝኩ። አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእትዬ ጡሩምባ። ለአንቺ የላክሁት እንድታደንቂው አልነበረም። አንቺ ያለሽበት መጽሐፍ ነው፤ ያለሽበትን ነገር ሳታነቢው አላሳትምም። ይህንንም ከቅጂው ጋር ባደረግሁት ወረቀት ላይ በግልጽ ጽፌልሻለሁ። መልስሽ ከላይ የገለበጥኩት ነው።

እትዬ ጡሩምባን ታውቂያታለሽ፤ የንባብ ጓደኛዬ ናት። እርማት በሁለት ሰው እንደሚሠራ ደጋግሜ አሳይቼሻለሁ። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በዓይኑ ይከተላል። ነጥቡም ሳይቀር ይነበባል፤ «መጣ አራት ነጥብ ከዚያም ነጠላ ሰረዝ» እያሉ። ጡረታዋ ደርሷል፤ ድምፅዋ ግን አሁንም ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ንባብ አብረን ያዝን። እሷ ታነባለች፣ እኔ ቀይ ብዕር ይዤ እከተላለሁ። ሲያስቃት ትስቃለች፤ ሳቋን ለመከተል ምልክት ስለሌለን እጠብቃታለሁ። ገጽ ዘጠና አራትን ጨርሳ ገለጠች። ዘጠና አምስት ላይ ሁለት መስመር አነበበች፤ ከዚያ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቀጥዪ እንጂ» አልኳት።

«ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ሻይ ልጠጣ።»

«አሁን ጠጥተሻል።»

«ደግሞ ልጠጣ! ከልካይ ነህ?»

ወጣች። ስትመለስ አልተቀመጠችም። ቆማ የእኔን ቅጂ ከፊቴ ወሰደችና ገጾቹን በአውራ ጣቷ ገለባበጠቻቸው።

«ወንፊት፣ ይኼን ከዚህ ወዲያ ያለውን አንብበኸዋል?»

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት።»

«መጻፍህን አልጠየቅሁህም። እስከ ዘጠና አራት ድረስ በየገጹ ቀይህ አለ። በራስህ ጽሑፍ ላይ እንኳ ነጠላ ሰረዝ ስትቀያይር ከርመሃል። ከዚህ ወዲያ አንድ ቀይ የለም። እይ! ‹ሆስፒታል›ን ሦስት ዓይነት አድርገህ ጽፈኸዋል። አንተ!»

«ጊዜ አጥሮኝ ነው።»

«ይሁን» አለችኝ። «ዝም አይነቅዝም። እኔ ግን ይኼን በዚህ ድምፄ፣ ያ ማሽን እየጮኸ፣ ነጠላ ሰረዝ አራት ነጥብ እያልኩ አላነብልህም። ሰው አለህ፤ የሰው ሥራ ነው።» ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። የሥራ ሰዓት ገና አላለቀም ነበር። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ጊዜ አጥሮኝ መሆኑን ለአንቺም እደግምልሻለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ሰሞን ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ የቁልል ቁልል አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ገጽ ዘጠና አራት በየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚያልቅ አውቃለሁ። «ልጃችን ሻንጣዋን ይዛ የክፍሉ በር ላይ ቆመችና ስመለስ እጨርስልሻለሁ አለቻት» በሚለው ነው። ስለዚህ ደከመኝ ማለትሽን አላምንም። የደከመው ሰው ምዕራፍ መሐል፣ አንቀጽ መሐል ይተዋል፤ እንቅልፍ የጣለው ቦታ ላይ። አንቺ የተውሽው ልክ በሩ ላይ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ወፍጮ ቤቱ ቤተሰብ የሚያወራው መጽሐፍ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ታነቢላት የነበረው። እንዴት እንደምታነቢ ደግሞ አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። አንቀጽ ትውጫለሽ። አማቲቱ ስትናገር አፍንጫሽን ይዘሽ ትናገሪያለሽ። ወፍጮ ጠባቂውን እንደ ፍየል ታስጮኺዋለሽ፤ መጽሐፉ ውስጥ ሰውዬው ምንም አይልም! «እዚህ ጋ ሁለት መስመር ዘለልሽ» ስል «አባዬ፣ ወደ ሥራህ!» ትዪኛለሽ፤ በሽተኛዋ ትራሷን ይዛ ትስቃለች፤ ነርሷ መጥታ «ኧረ ቀስ! ጎን ያሉት ተኝተዋል» ትላለች። ከዚያ የሥራው ቦታ ተገኘልሽ፤ ቦታው አይጠብቅም፤ ሄድሽ። ሂጂ ያልንሽ እኛ ነን፤ ያውም ሁለታችን ባንድ አፍ፣ በትዳራችን ስንስማማ ከታየንባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው። ለቀብሯ ደረስሽ። ከሆስፒታል ያመጣሁትን መጽሐፍ ቤት ውስጥ አልጋዋ አጠገብ ካለው ኮመዲኖ ላይ አየሽው፤ አላነሳሽውም። ፎጣ ደረብሽበት። ያላየሁ መስሎሽ ነበር።

አክስትሽ ባለፈው ደውላ ነገረችኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ መጽሐፍ ጨርሰሽ አታውቂም አለች። ትገዢያለሽ፣ ትጀምሪያለሽ፣ መሐሉ ላይ ስትደርሺ ትተዪዋለሽ፤ አልጋሽ ሥር ተከምረዋል አለች። «እናቷን ወጣች» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እናትሽን አልወጣሽም፤ በዚህ አትመጻደቂ። እናትሽ መጽሐፍ ስትተው ታፏጭ ነበር። አንቺ ሬሳ እንደሸሸ ሰው ነው የምትተዪው።

ከዘጠና አራት ወዲያ ምን እንዳለ ላልነግርሽ ቆርጬ ነበር። ገጽ መገልበጥ ከአንባቢ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው፤ ደራሲ ቤት ለቤት እየዞረ መጨረሻውን አያወራም። ግን ሳስበው የማትገልጪው ይመስለኛል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ድረስ መጠበቅ ታከተኝ።

በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። «ካቆመችበት እኔ ልቀጥልልሽ» ብዬ መጽሐፉን አነሳሁ። ክሩ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ግራጫ ክር፤ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ያላለቀላት ያ ቀሚስ። አንቺ ግን ከሦስተኛው ምዕራፍ እጅግ አልፈሽ ነበር፤ ወፍጮው ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቶ ነበር እኮ። ክሩ ከቦታው የተንሸራተተ መሰለኝ። ስለዚህ አወጣሁትና አንቺ ያቆምሽበት ገጽ ፈልጌ እዚያ አስገባሁት። ስህተት ያረምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ወደ ነበረበት መልሰው» አለችኝ።

«የደረስሽው እዚህ ነው እኮ። ቦታውን ስቶ ነው።»

«ልጅቷ ናት እዚያ የደረሰችው። እኔ ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲያ አልነበርኩም።»

«አልነበርኩም ማለት?»

«ተውኩት ማለት። እንዴት ያለ አሰልቺ መጽሐፍ ነው! አንድ ወፍጮ ስንት ጊዜ ይወረሳል?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ከሰዓት ምን ስታዳምጪ ነበር?»

«እሷን።»

እንዲህ ነው ያለችው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። ስለዚህ አንቺ ጅምር የተውሽው ነገር የለም። መጽሐፉን የተወችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ በገዛ ክሯ፣ አንቺ ሻንጣ ከማሰብሽ ከብዙ ጊዜ በፊት። «ስመለስ እጨርስልሻለሁ» ስትዪያት ያ ፈገግታዋ ምን እንደነበር አሁን ይገባሻል። ወፍጮው ለማን እንደተወረሰ ልታውቅ ቅንጣት ፍላጎት አልነበራትም። ይህን ሁሉ ዘጠና አምስት ላይ ጽፌልሻለሁ። ያናደደኝ ይህ ነው እንግዲህ! አንድ ቅጠል ብትገልጪ ኖሮ።

ከዚያ በኋላ «እሺ፤ አሁን እሷ የለችም፤ ሌላ መጽሐፍ ላምጣና እኔ ላንብብልሽ?» አልኳት።

«ለምን ትደክማለህ» አለችኝ።

ይህ ዘጠና ስድስት ላይ ነው። እንዴት ባለ ድምፅ እንዳለችው ጽፌዋለሁ ብዬ አስባለሁ። የጻፍኩት በአንድ ቁጭታ ነው፤ መለስ ብዬ አላየሁትም፤ ጊዜ አጥሮኝ። ድካሜን አስባ ሊሆን ይችላል። ያን ሰሞን በእርግጥም ደካክሜ ነበር፤ ዓይኔ ሥር ጠቁሮ ነበር፣ ነርሷም ብላኛለች። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሌላውን አንቺ አንብበሽ ፍረጂ፤ እኔ እዚህ ላይ ዳኛ መሆን አልችልም። ከዚያን ቀን ወዲያ በየቀኑ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጋዜጣ ይዤ እገባለሁ፣ ለራሴ አነባለሁ፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች። አንዳንዴ «ምን ይላል?» ትለኛለች፤ ባጭሩ እነግራታለሁ። ይኸው ነው። የቀረው ሆድ ይፍጀው።

ይህን ከነገርኩሽ በኋላ «አሁንማ ምን እንደሚል አውቄዋለሁ፤ ማንበብ አያስፈልገኝም» ትዪ ይሆናል። ያስፈልግሻል። እዚህ የጻፍኩልሽ ምን እንደተባለ ነው። እዚያ የጻፍኩት ሌላ ነው፤ ምን እንደሆነ ለመናገር እኔም ገልጬ ማየት አለብኝ። ከዘጠና አምስት እስከ መጨረሻው ብዙ አይደለም፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስህተት ታገኚያለሽ። «ሆስፒታል» ሦስት ዓይነት ሆኖ እንደተጻፈ ቀደም ብዬ ነግሬሻለሁ፤ ሌላም አይጠፋም። ቀይ ብዕር ያዢና ምልክት አድርጊ፤ እንዴት እንደሚደረግ አስተምሬሻለሁ። ያንቺን ምልክት እያየሁ የእኔ ቅጂ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ እንዲያ ሲሆን መግለጡ ለእኔም ይቀለኛል። በእርግጥ ይህ የአሠራር ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርማት የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠዋት ጠራኝ። ከኅዳር ወር መጀመሪያ ጀምሮ ማሽኖቹ ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍት ይያዛሉ፤ እስከዚያ «ይታተም» ብዬ ካልፈረምኩ የእኔ መጽሐፍ ከወረፋው ይወጣል፤ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ሊነግረኝ አይችልም። «አንተን የሚያህል ሰው በገዛ መጽሐፉ ላይ ይለግማል?» አለኝ። እስከ ዘጠና አራት ድረስ በየገጹ ግርጌ ፈርሜያለሁ። ከዚያ ወዲያ አልፈረምኩም፤ ያለ አንቺም አልፈርምም። የመጨረሻውን ምዕራፍ አውጥቼ ላሳትመው አስቤ ነበር። ያን ጊዜ ግን መጽሐፉ በሩ ላይ ሻንጣ በያዘች ልጅ ሊያልቅ ነው። ይህን አላደርገውም፤ አንቺን እዚያ አቁሜ የምሄድ አባት አይደለሁም።

ስለዚህ የምጠይቅሽ ይህ ነው። አንብቢው። ካነበብሽ በኋላ «ይታተም» ወይም «ይቅር» በዪኝ። «ይቅር» ካልሽ ይቀራል፤ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሦስቱንም ቅጂ መደርደሪያው ላይ ከእናትሽ መጻሕፍት ጋር አኖራቸዋለሁ፤ አይበዛባቸውም። «እሺ አባዬ፣ እንደፈለግክ» የሚል መልስ ግን አልቀበልም። ያን የምትዪው ሳታነቢ እንደሆነ በሁለት ፊደል አውቅብሻለሁ።

ብርድ ገብቷል መሰለኝ እዚያ፤ ያን ቀጭን ጃኬት ለብሰሽ ሥራ ቦታ ላይ አትቁሚ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል፤ ሲወርድ ዝም ይላል። ከላይ ያለው ጎረቤት ግድግዳውን መብሳት አልጨረሰም፤ እሱም እንዳንቺ ጅምር ይወዳል። የስፌት መኪናዋን አክስትሽ ልውሰድ ብላ ነበር፤ ቦታ አልያዘችብኝም ብያታለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ። የሠራሽው ሁሉ ይቁምልሽ፤ በላዩ የሚያልፍ ሁሉ ይመርቅሽ። የወጣሽበት በር በሰላም ይመልስሽ።

በስልክ እንዳትመልሺልኝ። ከደወልሽና ድምፅሽን ከሰማሁ ምን ልጠይቅሽ እንደነበር ይጠፋኛል፤ «በልተሻል?» ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ ጉዳዩ እንደገና ዓመት ይተኛል። መልስሽ በጽሑፍ፣ ነጥቦቹን አሟልቶ፣ እስከ ዓርብ ጥቅምት 29 ቀን ይድረሰኝ።

አባትሽ